ምዕራፍ 6፦ የሚያድግ ድንበር

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የባለጉዳይን ቃል ከፍ ማድረግ ይወዳሉ። ባለጉዳዩ «የጎረቤቴ ጥድ ጓሮዬን አጨለመብኝ»፣ «ቅንጭቡ ተንጋዶ መተላለፊያዬን ዘጋው» ብሎ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን ብዙ ጊዜ «ተከሳሽ ወሰኔን በመግፋት ሕጋዊ ይዞታዬን ነጥቆኛል» የሚል ነው። ጸሐፊው ሊያታልል አይደለም፤ ከበድ ያለ ቃል ቶሎ ጆሮ ያገኛል ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጉዳዩ ሌላ ጉዳይ ሆኗል። የቅርንጫፍ ቅሬታ የመሬት ክርክር ሆነ፤ ገጀራና ግማሽ ቀን ይበቃው የነበረው ነገር ካርታ፣ ቀያሽ፣ ምስክርና ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይጠይቅ ጀመር። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል፦ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለ የተክል አጥር ጠብ ሲያስነሳ «መስመሩ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የተሳሳተ መነሻ ነው። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ተክሉ በማን ላይ ምን እያደረሰ ነው?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ ማስረጃቸውም፣ የሚፈጁት ጊዜም፣ በጎረቤታሞቹ መካከል ትተውት የሚሄዱት ቁስልም ግን ለየቅል ነው።

የግንብ አጥር ከተሠራበት አይነቃነቅም። የተክል አጥር ግን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይንቀሳቀሳል። ሰንሰል ዝናብ ሲገባ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ይሰካል፤ አውራ ጣት የሚያህለው እንጨት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ይሆናል። ኮሽም እሾሁን ይዞ ወደ ጎን ይንሰራፋል። ጥድ ቀጥ ባለ ረድፍ ቢተከልም የታችኛው ቅርንጫፉ ብርሃን ወዳለበት ይዘረጋል። ችግኝ ሲሞት ተተኪው በአሮጌው ጉድጓድ አይገባም፤ የቀድሞው ጉቶና ሥር አላስቆፍር ስለሚል አንድ ስንዝር ወዲህ ወይም አንድ ስንዝር ወዲያ ይቆፈርለታል። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ግን ይህ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሲደጋገም የመጀመሪያው ረድፍ የት እንደነበረ ከምድር በላይ የሚናገር ምልክት አይቀርም። በመጨረሻ በሁለቱ ግቢዎች መካከል የሚቆመው ስፋት ያለው፣ አንዱን ዓመት ወዲህ ሌላውን ዓመት ወዲያ የሚያጋድል አረንጓዴ ቀበቶ ነው። ቅሬታውም ተራ ቅሬታ አይደለም። 20 ሜትር የሚረዝም አጥር በግማሽ ሜትር ቢሰፋ 10 ካሬ ሜትር ይበላል፤ 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላላት ቤተሰብ ይህ ከመቶ 5 ነው። መሬት በካሬ ሜትር በሚሸጥበት ከተማ ይህን «ምን አላት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ነገር ግን ቅጠሉ ስለሰፋ መሬቱ ተዛወረ ማለት አይደለም። ተከርክሞ የሚመለስ 10 ካሬ ሜትር እና ተፈርዶ የሚመለስ 10 ካሬ ሜትር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ካርታ እያለ ምን ያከራክራል የሚል ሰው አይጠፋም። በገጠር የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ደብተር አዋሳኞችን በስም ይዘረዝር ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ። ሁለተኛው ደረጃ ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶ ይዞ መጣ፤ ባለይዞታዎች ከአዋሳኞቻቸው ጋር በማሳው ላይ ቆመው ወሰናቸውን እያመለከቱ በፎቶው ላይ እንዲሰመር ተደረገ። በከተማም በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይዞታን አረጋግጦ የመመዝገብን ሥርዓት አቁሟል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ጠብም አስቀርቷል። ይሁን እንጂ ከላይ የሚያነሣ ካሜራ የሚያየው የተክሉን አናት ነው። ሥሩ የት እንደገባ፣ የወሰን ድንጋዩ በየትኛው ጥሻ ሥር እንደተቀበረ አያይም። አጥሩ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ፎቶውም ያንኑ ያጋደለ አናት ያሳያል፤ በአናቱ መሐል የሚሰመር መስመርም አብሮ ያጋድላል። ባዶ ማሳ ላይ እጅግ የሚታመነው መሣሪያ በትክክል የሚፈተነው አጥሩ ባለበት ቦታ ላይ ነው።

መሬቷን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በካርታ ስትለካ የኖረችው እንግሊዝ እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። በመሬት መዝገብ የሚያያዘው ፕላን፣ ወሰኑ ተለይቶ እንዲወሰን ባለይዞታው ካላስደረገ በቀር፣ «አጠቃላይ ወሰን» ብቻ እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕጋቸው ይናገራል። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት በተክል አጥር የተለየ ማሳ ሲያጋጥመው መስመሩን በአጥሩ መሐል ያሰምራል። የድሮው የዳኞች ልማድ ደግሞ ሌላ ነው፦ ቦይ የሚቆፍር ገበሬ በራሱ መሬት ጫፍ ላይ ይቆፍራል፣ አፈሩን ወደ ራሱ ይከምራል፣ በክምሩ ላይ አጥሩን ይተክላል፤ ስለዚህ ቦይና አጥር ጎን ለጎን ካሉ ወሰኑ ከአጥሩ ማዶ ያለው የቦዩ ጠርዝ ነው ተብሎ ይገመታል። በካርታው መስመርና በዚህ ግምት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ከአንድ ሁለት እርምጃ አይበልጥም። ሆኖም አጥርና ቦይ ስላለበት ጠባብ መሬት የተነሣ አንድ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1999 እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ዳኝነት፣ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄዷል። በዚያ ደረጃ የሚከፈለው የጠበቃ ገንዘብ ከመሬቱ ዋጋ ጋር እንደማይመጣጠን ለመገመት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

የእኛም ሕግ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ ያያቸዋል፤ ተከራካሪዎች ግን ደርበው ያቀርቧቸዋል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1206 ላይ የተመሠረተው የመፋለም ክስ ባለመብት ንብረቱን ያለአግባብ ከያዘበት ሰው የሚጠይቅበት ነው፤ ከሳሽ መብቱን ራሱ ማስረዳት አለበት። በፍርድ ቤት አካባቢ ሁሉም «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ደግሞ ከቁጥር 1149 ይመነጫል፤ ይዞታውን የተነጠቀ ወይም በይዞታው የታወከ ሰው ይዞታው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲቆምለት ይጠይቃል። በዚህኛው ዳኛው በቅድሚያ የሚያየው ማን ይዞ ሲጠቀም እንደነበረና ምን እንዳወከው ነው፤ ተከሳሽ ድርጊቱን የሚደግፍ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ በቀር ሁከቱ እንዲወገድ ይታዘዛል። ከዚህ ጎን ቁጥር 1225 አለ። ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ጉዳትና ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ጭሱ፣ ሽታው፣ ጩኸቱ ከመልካም ጉርብትና መጠን እንዳያልፍ ይላል፤ መጠኑ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ፣ የመሬቶቹ አቀማመጥና ጠባይ ይታያል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለተክል አጥር ጉዳይ ወርቅ ነው። ዳኛውንም ሽማግሌውንም ከካርታው አንሥቶ ወደ ግቢው ይወስደዋል፤ ዳገቱ ወደየት ነው፣ ውሃው ወደየት ይወርዳል፣ አካባቢው ምን ይተክላል፣ ስንት ጊዜ ይከረክማል?

ይህን መንገድ በግልጽ ሕግ አድርገው የሞከሩት እንግሊዞች ናቸው፤ ያስገደዳቸውም አንድ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በዌልስ ዌልሽፑል አቅራቢያ ባለው የሌይተን ሆል ርስት ሁለት የጥድ ዘመዶች ተዳቀሉ፤ አንዱ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ሌላው ከአላስካ እስከ ኦሪገን ካለው ጠረፍ የመጡ ነበሩ። በተፈጥሮ ስፍራቸው የማይገናኙት ሁለቱ በአንድ የአትክልት ቦታ ጎረቤት ሆነው ነው የተገናኙት። ችግኙን ወደ ኖርዘምበርላንድ ወስዶ ባሳደገው በክሪስቶፈር ሌይላንድ ስም «ሌይላንዲ» ተባለ። በዓመት ወደ አንድ ሜትር ያድጋል፤ ካልተገታ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል። ቶሎ መጋረጃ የፈለገ የከተማ ነዋሪ ሁሉ ተከለው፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤት ጠብ የአገር ጉዳይ ሆነ፤ እስከ ሰው ሕይወት መጥፋት የደረሰበትም ጊዜ አለ። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሕግ ውስጥ ስለ ረጃጅም አጥሮች አንድ ክፍል አስገባ፤ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ መስመሩ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በረድፍ የቆሙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች ናቸው ወይ? ከ2 ሜትር በላይ ረዝመው ብርሃን ወይም መተላለፊያ ከልክለዋል ወይ? በዚህም ጎረቤቱ በቤቱ ተገቢውን ያህል እንዳይጠቀም አድርገውታል ወይ? አቤቱታ አቅራቢው አስቀድሞ በንግግር ለመፍታት ካልሞከረ የአካባቢው ምክር ቤት ጉዳዩን ሊመልሰው ይችላል። ምክር ቤቱ እንዲቆረጥ ቢያዝም ከ2 ሜትር በታች አውርዱት፣ ወይም ንቀሉት ማለት አይችልም። ትእዛዙን ያልፈጸመ እስከ 1,000 ፓውንድ መቀጮ ተደነገገበት።

እንግዲህ ይህን ሕግ ተርጉመን እናምጣው? ጥያቄውን አዎ፤ መልሱን ግን አይደለም። ምክንያቱን ፀሐይ ራሷ ታስረዳለች። ለንደን ከምድር ወገብ በ51 ዲግሪ ተኩል ትርቃለች፤ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። አራት ሜትር የሚረዝም አጥር በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን 15 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል፤ የጎረቤትን ጓሮ አልፎ መስኮት ይገባል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዚያው ቀን ቀትር ፀሐይ ከ57 ዲግሪ በላይ ትቆማለች፤ የዚያው አራት ሜትር አጥር ጥላ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። በሰኔ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወገን ለውጦ በደቡብ በኩል ይወድቃል፤ ከአንድ ሜትርም ብዙ አይበልጥም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ አጥር ጠዋትና ማታ ረጅም ጥላ መጣሉ አይካድም፤ በደጋ ብርድ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል። በጠቅላላው ግን የ2 ሜትር ልኬት ለለንደን ክረምት የተሰፋ ልብስ ነው። ሌላም አለ፤ የእንግሊዙ ሕግ ስለ ሥር የሚቀርብን አቤቱታ ጭራሽ አይቀበልም። እኛ ዘንድ ደግሞ የጠቡ እምብርት ብዙ ጊዜ ሥር ነው።

ባሕር ዛፍን እንይ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ማገዶ ላነሳት አዲስ አበባ ከመጣ ወዲህ በደጋው ሁሉ የገበሬው ባንክ ሆኗል። ታዲያ ለምን ድንበር ላይ ይተከላል? አንዱ መልስ አጥርም ምልክትም ስለሚሆን ነው። ሌላውን መልስ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። በማሳዬ መሐል ብተክለው ጥቅሙም ጉዳቱም ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ድንበር ላይ ብተክለው አጠናው በሙሉ የእኔ ሆኖ ሥሩ ከሚጠጣው ውሃ ግማሹ ከጎረቤቴ ነው። በመካከለኛው ደጋ የተደረጉ የመስክ ጥናቶች ከባሕር ዛፍ ረድፍ ከ10 ሜትር በላይ እስኪራቅ ድረስ የስንዴና የጤፍ ምርት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጠባብ ማሳ ላለው ገበሬ ይህ ከዓመት ዓመት የሚታይ ኪሳራ ነው። ልብ በሉ፦ እዚህ ላይ ዛፉ ከድንበሩ ወዲህ በትክክል ቢተከልም ጉዳቱ አይቀርም። ተከላካዩ «ግንዱ በእኔ መሬት ላይ ነው» ብሎ በካርታ ቢረታ እንኳ ጎረቤቱ ጤፉን አላገኘም። መስመሩን ማወቅ መልስ የማይሆንበት ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የመጡባት ፈረንሳይም ይህን ስላየች፣ የአካባቢ ደንብ ወይም ልማድ ከሌለ በቀር ከ2 ሜትር በላይ የሚያድግ ተክል ከወሰኑ ቢያንስ 2 ሜትር እንዲርቅ፣ አጭሩ ደግሞ ግማሽ ሜትር እንዲርቅ በሕጓ ጽፋለች። በወሰን መስመር ላይ ያልተጣሉ ሁለት ሰዎችም በርቀት ሊጣሉ እንደሚችሉ አምናለች ማለት ነው።

መፍትሔውን የሚወስነውም ተክሉ ነው፤ ሽማግሌ «በሉ ቁረጡት» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ቢያይ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ጥድ፣ በተለይም በከተማ አጥር ላይ የምናየው የፈረንጅ ጥድ፣ ቅጠል ካለው ክፍል ዘልቆ ቡናማው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ በሌላ በኩል ያለው ጎረቤት በንዴት በአንድ ጎኑ ጠልቆ ቢመለምለው ያ ጎን ለሁልጊዜ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ለጥድ የሚበጀው ጥቂት በጥቂቱ፣ በየዓመቱ፣ ሳይሰፋ መከርከም ነው፤ ከሰፋ በኋላ ግማሹን መልሱ ማለት ንቀሉት ከማለት አይለይም። ባሕር ዛፍ በተቃራኒው ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ቆርጦ መጣል አያጠፋውም፤ ለጎረቤት ማሳ የሚበጀው ረድፉን ማራቅ ወይም በመካከል ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ነው፤ ቦዩም ሥሩ ዳግመኛ ከመሻገሩ በፊት በየጊዜው ይታደሳል። ሰንሰል እንዳሻው ቢቆረጥ ቅር አይለውም። ቅንጭብ ግን ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ለጊዜውም ሊያሳውር ይችላል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ በኩል ማን ይቁረጠው፣ ቁራጩስ የት ይጣል የሚለው ጥያቄ ከስፋቱ ይበልጣል። ኮሽም ላይ ቅሬታው እሾህ ነው፤ ጥሻ ከሆነው ሰንሰል ላይ ደግሞ ጅብና ሌባ መደበቁ። አምስት ተክል፣ አምስት ዓይነት ጠብ። «ወሰኔን ገፋ» የምትለው አንዲት ሐረግ ሁሉንም ትደፍቃቸዋለች።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። ጠንካራው ይህ ነው፦ ይህ ሁሉ ለየዋህ ጎረቤት ይሆናል፤ ድንበር ገፊ ግን አለ፤ አጥሩን እያሳበበ በየዓመቱ አንድ ስንዝር የሚገባ፣ ችግኝ በተተካ ቁጥር ወደ ማዶ የሚቆፍር። ሰው በሚስቱና በርስቱ አይቀለድበትም የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የጎረቤቱን የወሰን ምልክት የሚያፈልስ ሰው በኦሪት ዘዳግም 27፡17 ከተረገሙት መካከል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው መልሱ የመፋለም ክስና ቀያሽ ነው። ነገር ግን ገፊውን ከየዋሁ የሚለየው ራሱ የጉዳቱ ጥያቄ ነው። «ጥዱ ጓሮዬን ጋርዶታል፤ ከዚህ እስከዚህ እንከርክመው» ሲባል የሚከረክም ሰው ቅጠሉ እንጂ መሬቱ እንዳልታሰበ አሳየ። «አልነካም፤ እስከ ቅጠሉ ጫፍ የእኔ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ሐሳቡን በገዛ አፉ ገለጠ፤ ያን ጊዜ ክሱ መሠረት አለው። ከመስመሩ የጀመረ ከሳሽ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ባላጋራ ያደርጋቸዋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ቆጠራው ይቆማል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ንግግሩ ወራት እንጂ ዓመታት መፍጀት የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፤ ተክሉን ነቅሎ ግንብ ወይም ቆርቆሮ ማቆም አይሻልም ወይ? አንዳንዴ ይሻላል፤ በተለይ ቦታው ጠባብ ሲሆን። ግን ግንብ መስመሩን በሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ተክሉ ለሠላሳ ዓመት አድበስብሶ ያኖረውን ጥያቄ የመሠረት ቁፋሮው በአንድ ጠዋት ያፈርጠዋል፤ ድንጋዩ በማን በኩል ይዋል፣ ወጪውን ማን ይቻለው የሚሉ አዳዲስ ጥያቄዎችም ይከተላሉ። በከተሞቻችን «አጥር ልሥራ» ሲባል የሚጀመረው ጠብ ከአጥሩ ራሱ የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል። በተጨማሪም ተክሉ አፈር ይይዛል፣ አቧራ ይመልሳል፣ በዳገት ላይ ጎርፍ ያረግባል፤ እነዚህን ጥቅሞች ሁለቱም ጎረቤቶች ያለ ሒሳብ ሲያገኙ ኖረዋል። ግንብ መሥራት የሚገባው ሁለቱም ተክሉን ካልፈለጉት ነው እንጂ አንዱ ስለተናደደ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ በሽምግልና ላይ የሚነሣ ነው፤ እኔም በከፊል እስማማበታለሁ። ጉዳትን የሚመዝን ንግግር ሁለቱ ጎረቤታሞች በአቅም ሲቀራረቡ ያምራል። ባሏ የሞተባት ሴት በአንድ በኩል፣ ወንድሞቹና የእድር ዳኛው ከጎኑ የቆሙለት ሰው በሌላ በኩል ሲሆኑ ግን «ለጉርብትና ስትይ ተይ» የሚለው ምክር መሬት ማስለቀቂያ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መብትን በፍርድ ቤት ማስጠበቅ፣ እርቁንም ከዚያ በኋላ ማሰብ ይሻላል። ከዚህ ውጭ ግን «ሽማግሌ ጥርስ የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 የመሬት ይዞታ ክርክር በቅድሚያ በባለጉዳዮቹ ውይይትና ስምምነት እንዲፈታ፣ ካልሆነም በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ መንገድ ከፍቶ ነበር፤ አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 3307 ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው አንዳንድ ነገር እየተወ የተነሣ ክርክርን የሚያስቀሩበትን፣ ወይም ሊመጣ የሚችለውን የሚከላከሉበትን ውል ያውቃል፤ በቁጥር 3312ም በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያስገድዳል። ጥርስ የሌለው ሽምግልና በቃል ተጀምሮ በቃል የሚያልቀው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? የመጀመሪያው መስመር በዚህ ስምምነት ማንም ወገን ይዞታ አልለቀቀም፣ አላገኘም የሚል ይሁን። ይህ ሁለቱንም ያሳርፋል፤ ለሕጉም ይጠቅማል፤ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት የሚያዛውር ውል በቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፤ ስለ መከርከም የሚደረግ ስምምነት ግን መሬት ስለማያንቀሳቅስ ያን ያህል ሸክም የለበትም። ቀጥሎ ልኬቱ ይግባ፤ ልኬቱም ከቅጠሉ ጫፍ ወይም ከግንዱ አይነሣ፤ ሁለቱም ያድጋሉ። ከቤቱ ማዕዘን፣ ከውሃ ቆጣሪ፣ ከተቀበረ ድንጋይ፣ ብቻ ከማያድግ ነገር ይነሣ፤ «ከእገሌ ቤት ሰሜናዊ ማዕዘን እስከ አጥሩ ገጽታ ይህን ያህል ሜትር» ይባል። ከፍታው፣ የሚከረከምበት ወር፣ ማን እንደሚቆርጥ፣ በማን ግቢ ቆሞ እንደሚቆርጥ፣ ጭራሮውንና አጠናውን ማን እንደሚወስድ ይጻፍ፤ ማገዶ ዋጋ ባለበት አገር የመጨረሻዋን ነጥብ መዝለል ለከርሞ ጠብ ማስቀመጥ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ የቦዩ ጥልቀትና የሚታደስበት ጊዜ፣ ቅንጭብ ከሆነ ቁራጩ የሚጣልበት ቦታ ይጨመር። የሞተ ችግኝ ሲተካ ሁለቱም ባሉበት ይቆፈር፤ ይህች አንዲት ሐረግ የድንበር ገፊን እጅ ከካርታ ይበልጥ ትይዛለች። የአጥሩ ፎቶ በቀን ተደርጎ ይያያዝ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። እንዲህ ያለ ስምምነት የሚያስረው የፈረሙትን እንጂ ቤቱን ነገ የሚገዛውን እንግዳ አይደለምና፣ ቦታው ሲሸጥ ሻጩ ለገዢው ያሳየው፤ ጎረቤትየውም አዲሱ ሰው ዕቃውን አስገብቶ ሳይረጋጋ ልኬቱን አብሮ ለክቶ እንደገና ያስፈርም።